አራተኛ የወጣ ቡድን ደጋፊ

እኛ አገር አራተኛ የወጣ ሯጭ ወዲያው ይረሳል። ሦስቱ ባንዲራ ለብሰው ሜዳውን ይዞራሉ። አራተኛው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይፈታል፤ ካሜራውም ጥሎት ይሄዳል። ሩጫ እያየን ስላደግን ከሦስት በላይ መቁጠር አይሆንልንም። "ስንተኛ ወጣ?" "አራተኛ።" "ኤጭ!" በቃ፣ ወሬው አለቀ።

ስለዚህ የምወደው ቡድን በዓለም መድረክ ትልቁ ውጤቱ አራተኛ መሆኑን ስናገር ጓደኞቼ ይስቃሉ። ስፖርቱ እጅ ኳስ መሆኑን ስጨምር ያዝኑልኛል። የአገሩን ስም ሲሰሙ ግን ሳቁም ሐዘኑም ይቆምና ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

ግብፅ ነው። የግብፅ የወንዶች እጅ ኳስ ብሔራዊ ቡድን።

ስታዲየም አካባቢ ማኪያቶ የማዘወትርበት ቤት ውስጥ ይሄ ጉዴ የታወቀ ነው። ቴሌቪዥኑ ሁልጊዜ እግር ኳስ ላይ ነው። ሪሞቱን የያዘው ልጅ ጣቢያ ቀይርልኝ ብዬ ብለምነው የሚሰማኝ አይደለም፤ አልፈርድበትም፣ ቤቱ በእግር ኳስ ነው የሚኖረው። ጥር ላይ የእጅ ኳስ የዓለም ዋንጫ ሲመጣ እኔ ጥጌን ይዤ፣ ማዳመጫዬን ሰክቼ፣ ዳታዬን እየጨረስኩ በስልኬ አያለሁ። ከጎኔ የሚቀመጡ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ማታ ስልኬን አጮልቀው አዩ።

"አንተ ልጅ፣ ማን ከማን ነው?"

"ግብፅ ከዴንማርክ ነው ጋሼ።"

"ለማን ብለህ ነው እንዲህ የምትቁነጠነጠው?"

"ለግብፅ።"

ማኪያቷቸውን አስቀመጡ። "በል እንግዲህ፣ ሲጠማህ ውሃ እንዳትጠይቀኝ" አሉኝ።

ግድቡ ከተመረቀ ወዲህ እንዲህ ያለው ቀልድ ለዘብ ብሏል። ጋሼ ግን ሌላ መሣሪያ አላቸው። ከቤቱ በር ላይ ሆነው በአገጫቸው ወደ አዲስ አበባ ስታዲየም ያመለክቱና፣ "እነዚህን እኮ እዚያች ውስጥ 4 ለ 2 ሸኝተናቸዋል" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በ1962 የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በጭማሪ ሰዓት ነው ያሸነፍናቸው። ዋንጫውን የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። (ይሄም ሆነ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ስፖርቱ የሚመዘገበው በዚያ ነው።) ከዚያ ወዲህ በእግር ኳስ የሆነውን ጋሼ አያነሱም፣ እኔም አላስታውሳቸውም።

እና ለምን ግብፅ? መልሴ አጭር ነው። ከአፍሪካ ተነስቶ የአውሮፓን ቤት በር እንዲህ ደጋግሞ ያንኳኳ ሌላ የቡድን ስፖርት ካለ አሳዩኝ።

የወንዶች እጅ ኳስ የዓለም ዋንጫ የአውሮፓ የግል ንብረት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እስከ 2025 ድረስ ዋንጫውን ያነሳ ከአውሮፓ ውጭ የመጣ ቡድን የለም። አንድም። ግማሽ ፍጻሜ መድረስ እንኳ እስከ 2001 ለማንም አልተሳካም ነበር። በዚያ ዓመት ፈረንሳይ ባዘጋጀችው ውድድር ግብፅ ያንን አጥር ዘለለች። በግማሽ ፍጻሜው በአዘጋጇ ፈረንሳይ ተሸነፈች፤ ለነሐስ ደግሞ በዩጎዝላቪያ። አራተኛ። ዓለም አይቶ የማያውቀው ነገር ነው፤ እኛ ብንሆን "ኤጭ!" ብለን እንተወው ነበር።

እዚያ የደረሱት በአንድ ሌሊት አይደለም። የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫቸው በ1964 ቼኮስሎቫኪያ ላይ ነበር። ከዚያ ጠፉ። ተመልሰው የመጡት በ1993 ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት! በመሀል ሰሜን አፍሪካ ውስጥ እንኳ የበላይ አልነበሩም። የእጅ ኳስ የአፍሪካ ዋንጫው በ1974 ቱኒዝ ላይ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ቱኒዚያ ወሰደች። ከ1981 እስከ 1989 አምስቱንም በተከታታይ አልጄሪያ በላች። ግብፅ የመጀመሪያዋን ያገኘችው በ1991 ነው፤ ካይሮ ላይ፣ በሜዳዋ።

የአፍሪካ ዋንጫው ራሱ የሚገርም መዝገብ አለው። እስከ 2024 ድረስ 26 ጊዜ ተካሂዷል። ቱኒዚያ 10፣ ግብፅ 9፣ አልጄሪያ 7። ደምሩት። ከሦስቱ ሌላ አንድም አገር ቀምሶት አያውቅም። በ2022 ካይሮ ላይ ኬፕ ቨርዴ ለፍጻሜ ስትደርስ ግን ልቤ ተከፍሎ ነበር። ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሆነ የደሴት አገር ናት። ያን ታህል ሕዝብ ይዘው ከግብፅ ጋር ፍጻሜ ሲጫወቱ ለማን ልጩህ? ግብፅ በሰፊ ልዩነት አሸነፈች፣ ከጭንቀቱም ተገላገልኩ።

ወደ 1993 ልመለስ፤ ነገሩ የተበጠሰው ወይም የተቀጠለው እዚያ ነው። በዚያ ዓመት ዋናው ቡድን ስዊድን ሄዶ 12ኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ደግሞ ግብፅ ከ21 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና አዘጋጅታ ራሷ ዋንጫውን ወሰደች። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በ1993 ሃያ ወይም ሃያ አንድ ዓመት የነበረ ልጅ በ2001 ስንት ዓመቱ ነው? ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ። የእጅ ኳስ ተጫዋች የሚበስልበት ዕድሜ ነው። በመሀል ያለውን መሰላል ተመልከቱ። በ1995 አይስላንድ ላይ 6ኛ፣ በ1996 አትላንታ ኦሎምፒክ 6ኛ፣ በ1997 ጃፓን ላይ 6ኛ፣ በ1999 በሜዳቸው 7ኛ፣ በ2000 ሲድኒ 7ኛ፣ ከዚያ 4ኛ። ሜዳሊያ ብቻ ለሚቆጥር ዓይን ይሄ ሁሉ ዜሮ ነው። እኔ ደግሞ ከዚህ የተሻለ የስፖርት ሥራ አላውቅም።

ከዚያ ወረዱ። እሱንም መደበቅ አያስፈልግም። በ2004 አቴንስ ላይ ከ12 ቡድን 12ኛ ሆኑ። ለንደን 2012 ላይ ጭራሽ የሉም፤ አፍሪካን ወክላ የሄደችው ቱኒዚያ ነበረች። ቱኒዚያ እሷም በ2005 በሜዳዋ አራተኛ ወጥታለች፤ አራተኛነት የሰሜን አፍሪካ ዕጣ ይመስል። ግብፅ የተነሳችው በዚያው በድሮው መንገድ ነው፣ በልጆች። በ2019 ሰሜን መቄዶንያ ላይ ከ19 ዓመት በታች ቡድናቸው ጀርመንን በፍጻሜ 32 ለ 28 አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ዋናው ቡድን ከዚያ ወዲህ ከትልልቆቹ ጠረጴዛ አልተነሳም።

እጅ ኳስ አይቶ ለማያውቅ ሰው ጨዋታውን ላስረዳው፤ አለዚያ ቀጥሎ የምለው አይገባውም። ሜዳው 40 በ20 ሜትር ነው። በአንድ ወገን ሰባት ሰው፤ አንዱ በረኛ። ጎሉ 3 ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመት አለው። ከጎሉ ፊት ስድስት ሜትር ላይ የተሰመረ ቅስት አለ፤ ከበረኛው በቀር ማንም እዚያ ውስጥ እግሩን ማሳረፍ አይችልም። ግን አየሩ ነፃ ነው! ስለዚህ አጥቂው ከመስመሩ ውጭ ይነሳና በአየር ላይ እያለ፣ ከመውደቁ በፊት ይወረውራል። ኳስ ይዞ ከሦስት እርምጃ በላይ፣ ከሦስት ሴኮንድ በላይ መቆየት የለም። ከበድ ያለ ጥፋት የሠራ ሰው ሁለት ደቂቃ ውጭ ይቀመጣል፣ ቡድኑ ጎድሎ ይጫወታል። በረኛው ጓንት አያደርግም። በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚምዘገዘግ ኳስ በክንዱ፣ በእግሩ፣ አንዳንዴም በግንባሩ ይቀበላል። ከሚመጣበት ሦስት አንዱን ካዳነ ጀግና ነው።

እዚህ ላይ ስለ ግራኞች አንድ ነገር ልበል። በኛ ቤት ግራኝ ልጅ ማዕድ ላይ እጁን ይመታል። በእጅ ኳስ ግን እንደ ወርቅ ነው የሚፈለገው። ከሜዳው ቀኝ በኩል ለሚወረውር ሰው ጎሉ የሚሰፋው ኳሷ በግራ እጁ ስትሆን ነው፤ በቀኝ እጁ ከሆነ ማዕዘኑ ይጠበዋል፣ ክንዱም ወደ ተከላካዮቹ ይገባል። ግብፅ በዚህ ቦታ ዕድለኛ ናት። የዛማሌኩ አህመድ ኤል-አህማር ከ35 ዓመት በላይ ሆኖ ቶኪዮ ድረስ የተጫወተ ግራኝ ነው። ከሱ ቀጥሎ የመጣው ያህያ ኦማርም ግራኝ ነው፤ ሃንጋሪ ለቬስፕሬም ተጫውቷል። ኤል-አህማር ሲዘል መጀመሪያ ወደ ላይ የሚሄደው ትከሻው ነው። በረኛው እሱን አይቶ ይወድቃል። ከዚያ አንጓውን ብቻ ጠምዘዝ ያደርጋታል። ይሄን ለጋሼ በስልኬ ቀስ አድርጌ አሳይቻቸው ዝም ብለው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። አስተያየት አልሰጡም። ዝም ካሉ ወደውታል ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ሃምሳ ጊዜ ያህል ያጠቃል፣ ሠላሳ ገደማ ጎል ያገባል። በዚህ ዓይነት ጨዋታ በአንድ ጎል መሸነፍ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንድ የተንሸራተተች ቅብብል ናት። አንድ ሁለት ደቂቃ ቅጣት ናት። የግብፅ ያለፉት ዓመታት መዝገብ በዚህች አንድ ጎል የተሞላ ነው።

በጥር 2021 የዓለም ዋንጫውን አዘጋጁ። ለመጀመሪያ ጊዜ 32 አገሮች የተሳተፉበት ነበር። ኮሮና ስለነበር ተመልካች አልተፈቀደም። ለዚህ ቀን ያዘጋጇቸው አዳራሾች ሁሉ ባዶ ነበሩ። ሩብ ፍጻሜ ላይ ከዴንማርክ ጋር ተገናኙ፤ ከነሚኬል ሃንሰን፣ ከነበረኛው ኒክላስ ላንዲን ጋር። ዴንማርክ ያኔ የዓለም ሻምፒዮን ነበረች። ስልሳው ደቂቃ እኩል አለቀ። አሥር ደቂቃ ተጨመረ፤ እኩል። ሌላ አሥር ደቂቃ ተጨመረ፤ 35 ለ 35። ሰማንያ ደቂቃ ተጫውተው የሚለያቸው ነገር ጠፋ። ከዚያ በሰባት ሜትር ምት (የእጅ ኳሱ ፍጹም ቅጣት ምት ነው) 39 ለ 38 ዴንማርክ አለፈች። ባዶ አዳራሽ ውስጥ የዴንማርኮቹ ጩኸት ሲያስተጋባ ይሰማ ነበር። ያ አዳራሽ ሞልቶ ቢሆንስ? ይሄን ጥያቄ እስካሁን አልተውኩትም። ዴንማርክ ሄዳ ዋንጫውን ወሰደች፤ ስዊድንን በፍጻሜ 26 ለ 24። በእኔ ሒሳብ የዚያ ውድድር እውነተኛ ፍጻሜ ካይሮ ላይ የተደረገው ሩብ ፍጻሜ ነው። መዝገቡ ላይ ግን "ግብፅ፦ ሩብ ፍጻሜ" ተብሎ ነው የሰፈረው።

በዚያው ዓመት ክረምት ቶኪዮ መጣ። ያኔ አገሩ በሙሉ በሰለሞን ባረጋ ወርቅ ሲጨፍር እኔም ጨፍሬያለሁ፤ 10 ሺህ ሜትር ከእጅ ኳስ ጋር አይጣላም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግብፅ በሩብ ፍጻሜ ጀርመንን 31 ለ 26 ጣለች። ጀርመንን! በኦሎምፒክ እጅ ኳስ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ የመጀመሪያው የአፍሪካ ቡድን ሆኑ። በግማሽ ፍጻሜው ፈረንሳይ 27 ለ 23 አሸነፈቻቸው፤ እሷም ወርቁን ወሰደች። ለነሐስ ከስፔን ጋር ገጥመው 33 ለ 31። እንደገና አራተኛ።

አሰልጣኙ ሮቤርቶ ጋርሲያ ፓሮንዶ ስፔናዊ ነበር። ነሐሱን የነጠቀችውም ስፔን። ቀጥሎ ፓሪስ 2024 ላይ አሰልጣኛቸው ሁዋን ካርሎስ ፓስተር ነው፤ እሱም ስፔናዊ፣ በ2005 ስፔንን የዓለም ሻምፒዮን ያደረገ ሰው። ሩብ ፍጻሜ ላይ ማን ደረሳቸው? ስፔን። በጭማሪ ሰዓት 29 ለ 28። በአንድ ጎል! ጋሼ ይሄን ስነግራቸው "መድኃኒቱን የሸጠላቸው ሰው በሽታውንም ያውቀዋል" አሉ።

ከዚያ ጥር 2025። ዛግሬብ፣ ሩብ ፍጻሜ፣ ከፈረንሳይ ጋር። 33 ለ 33 እኩል ሆነው ሰዓቱ ሊያልቅ ሴኮንዶች ሲቀሩ ሉካ ካራባቲች አገባ። 34 ለ 33። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። ሪሞት የያዘው ልጅ "ማን ሞተ?" ብሎ መጣ። ውድድሩን 5ኛ ሆነው ጨረሱ፤ ከ2001 ወዲህ በዓለም ዋንጫ ምርጡ ውጤታቸው ነው።

አንዳንድ ሰው "ኳታር እኮ ሜዳሊያ አግኝታለች" ይለኛል። ልክ ነው። በ2015 ዶሃ ላይ ሁለተኛ ወጥታ ብር ወሰደች፤ ከአውሮፓ ውጭ የመጀመሪያው ሜዳሊያ። ግን የዚያን ቡድን ስም ዝርዝር እዩት። ከኩባ የመጣ አለ፣ ከሞንቴኔግሮ አለ፣ ከቦስኒያ አለ፣ ፈረንሳይን ወክሎ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሁሉ አለ። ሕጉ ፈቅዶላቸዋል፤ ሌቦች አልልም። ግን ለእኔ ያ ብር ከግብፅ አራተኛነት ጋር አይወዳደርም። አንዱ የተገዛ፣ ሌላው እቤት የበቀለ ነው። በዚህ የማይስማማ ሰው ካለ ማኪያቶውን እኔ እጋብዛለሁ፣ ክርክሩ ግን ይረዝማል።

እቤት መብቀል ስል ነገሩ ያለው ክለቦቹ ውስጥ ነው። አል አህሊና ዛማሌክን እኛ የምናውቃቸው የእኛን የእግር ኳስ ክለቦች ሲያሰናብቱ ነው። ካይሮ ላይ ግን ሁለቱም እጅ ኳስ አላቸው፤ ታዳጊም ዋናም። በእግር ኳስ የሚጠላሉት ሰዎች በእጅ ኳስም ይጠላሉ። ይሄ ጥላቻ ስፖርቱን ያበላዋል። ልጁ በክለቡ ማሊያ ያድጋል፣ ከዚያ የተሻለው አውሮፓ ይሄዳል። አሊ ዘይን ባርሴሎና ድረስ ሄዷል።

የእኛስ? ከማኪያቶ ቤቱ ወጥቼ ጥቂት ብራመድ ትንሿ ስታዲየም ናት። ቦክስም፣ ቅርጫት ኳስም፣ መረብ ኳስም፣ እጅ ኳስም እዚያች ነው የሚያልፉት። መቻል ከፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ሲጫወቱ ገብታችሁ እዩ። ስለ ጨዋታው መጥፎ ነገር ከኔ አትሰሙም። አውሮፓ ውስጥ ተጫዋቾቹ ኳሷ እጃቸው ላይ እንድትጣበቅ ሙጫ ይቀባሉ። እዚህ ያየሁት አንድ ልጅ መዳፉን ምላሱ ላይ ያስነካና በቁምጣው ይጠርጋል፤ ከዚያ ዘጠኝ ሜትር ላይ ዘሎ በረኛው እጁን እንኳ ሳያነሳ ያገባል። ጣቶቹ በነጭ ፕላስተር ተጠቅልለዋል፤ አንደኛው ጣቱ ከሌሎቹ በተለየ አቅጣጫ ያያል። ተመልካቹ የጓደኞቻቸውና የተጠባባቂዎች ስብስብ ነው። ከጀርባዬ የተቀመጠች ልጅ ዳኛውን በስሙ እየጠራች ስትሰድበው ነበር። ሰማት፣ ዞሮ ሳቀ፣ ሁለት ደቂቃውን ግን አልሰረዘም።

ጋሼን አንድ ቀን ይዣቸው ገባሁ። ተማሪዎቻቸውን እጅ ኳስ ያስተምሩ እንደነበር የሰማሁት ያን ቀን ነው። አንድ የክንፍ ተጫዋች ኳስ ሳይዝ ሲሮጥ በጣታቸው እየተከተሉት "ይሄ ልጅ ገብቶታል" አሉ። ለምን እንደገባው ሲያስረዱኝ ዕረፍት ሆነ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ፣ እሳቸው አልጨረሱም። ሳያቸው፣ ግብፅን በተመለከተ እስከዛሬ ያሾፉብኝ ከኔ በላይ ስለሚያውቁ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

የሚቀጥለው የዓለም ዋንጫ በጥር 2027 ጀርመን ላይ ነው፤ ከገና እስከ ጥምቀት ያለው ግርግር ሳያልቅ ይጀምራል። ጋሼ የ2019ኞቹ ልጆች አሁን ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ዓመት እየሆናቸው ነው ስላቸው በጣታቸው ቆጠሩና "እንግዲህ ሰዓታቸው ነው" አሉ። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዴንማርክ ሩብ ፍጻሜ ላይ እንዳትደርሰን። 2019፣ 2021፣ 2023፣ 2025፣ አራቱንም የበላችው እሷ ናት። ከሷ ጋር መገናኘት ካለብን ፍጻሜ ላይ ይሁን። ጋሼ ደግሞ ዴንማርክን አሁኑኑ በጊዜ መጣል ነው የሚሻለው፣ ፍጻሜ ላይ ልምዳቸው ይበልጣል ባይ ናቸው። እስካሁን አልተስማማንም።